ሃምሳ ሎሚ በአንድ ሰው ጫንቃ፤ የሰር ቶማስ ባውች ሕይወትና የቴይ ድልድይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሙያ ስብሰባ ስኮትላንድ በሄድኩ ጊዜ ከኤድንብራ ወደ ደንዲ ከተማ በባቡር ተጉዤ ነበር። ባቡሩ ደንዲ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የቴይ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ሰፊ ውሃ በረጅም ድልድይ ያቋርጣል። በቀኝ በኩል በመስኮት ቁልቁል ስመለከት፣ ከውሃው ትንሽ ብቅ ብለው በአንድ መስመር የተሰለፉ የምሰሶ ጉቶዎች አየሁ። እኛ ከምንሄድበት ድልድይ ጎን ለጎን ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃሉ። ምንም የተሸከሙት ነገር የለም። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡትን አዛውንት ምንነታቸውን ብጠይቃቸው የመጀመሪያው ድልድይ እግሮች መሆናቸውን ነገሩኝና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

የእነዚያን ጉቶዎች ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ብረትና ንፋስ የሚገናኙበትን ስሌት አላውቅም። ነገር ግን አንድ ድልድይ ወይም ሕንፃ ሲወድቅ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው ለምን ወደቀ የሚለው ሲሆን፣ መልሱ ከመሐንዲሶች ይጠበቃል። ሁለተኛው ማን ይጠየቅ የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛ የሕግ ሰዎች ዕዳ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ተነስተው ዳኞቹን ራሳቸውን የከፋፈሉበት ጉዳይ እንደ ቴይ ድልድይ ያለ አላጋጠመኝም። በዚያም ጉዳይ መሃል አንድ ሰው ቆሟል፤ ሰር ቶማስ ባውች።

የመርከብ ካፒቴኑ ልጅ

ባውች በ1822 በሰሜን እንግሊዝ፣ ካርላይል ከተማ አጠገብ በምትገኝ ተርስቢ በምትባል መንደር ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የመርከብ ካፒቴን ነበር። ልጁ ግን ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ሐዲድ አዘነበለ። በዘመኑ በብሪታንያ እንደተለመደው ምሕንድስናን የተማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሥራ ላይ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የባቡር መስመር ከሚዘረጋ መሐንዲስ ሥር ገብቶ ሠራ። በ1849፣ 27ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲቃረብ፣ የኤድንብራና ሰሜን የባቡር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅና መሐንዲስ ሆነ።

ኩባንያው አንድ የማይፈታ የሚመስል ችግር ነበረበት። ከኤድንብራ ወደ ሰሜን የሚሄደው መስመር በሁለት ሰፋፊ የወንዝ አፎች፣ በፎርዝና በቴይ፣ ተቆራርጧል። ዕቃ የጫነ ባቡር ውሃው ዳር ሲደርስ ሸክሙ ይራገፋል፣ ጀልባ ላይ ይጫናል፣ ማዶ ሲደርስ እንደገና ይራገፋል፣ እንደገና ይጫናል። ወጣቱ ባውች ፉርጎዎቹን ሳያራግፉ ከነጭነታቸው በመርከብ ለማሻገር ተነሳ። በ1850 ሐዲድ የተነጠፈባት ሌቪያታን የተባለች መርከብ ፎርዝን ማቋረጥ ጀመረች። መርከቧን የነደፈው ሌላ ሰው ነው። ባሕሩ ሲሞላም ሲጎድልም የየብሱን ሐዲድ ከመርከቧ ሐዲድ ጋር የሚያገናኘውን ተንቀሳቃሽ መወጣጫ የፈጠረው ግን ባውች ነበር። ብዙዎች ይህንን አገልግሎት በዓለም የመጀመሪያው የባቡር መርከብ ይሉታል።

ከዚያ በኋላ በግሉ መሥራት ጀመረ፤ ስሙም ገነነ። የገነነበትን ምክንያት ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባውች የሚታወቀው በርካሽ በመገንባት ነበር። አቅም የሌላቸው ትናንሽ ኩባንያዎች ሐዲድ ሲያምራቸው እሱን ይጠሩታል። ሌላው መሐንዲስ የማይሞክረውን ዋጋ እሱ ያቀርባል። ይህ ማለት ግን ሥራ አያውቅም ማለት አይደለም። በ1858 በሆውንስ ጊል ሸለቆ ላይ ያሠራው የጡብ ድልድይ ዛሬም ቆሞ እግረኛና ብስክሌተኛ ያሻግራል። ቤላህ በተባለ ስፍራ 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ በብረት ዓምዶች ላይ የቆመ ድልድይ ሠርቶ ነበር፤ እሱም ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎ በ1960ዎቹ የፈረሰው መስመሩ በመዘጋቱ እንጂ በመድከሙ አይደለም። የቤላህ ዓምዶች ወደ ታች እየሰፉ የሚሄዱ፣ አያያዛቸውም የጠነከረ ነበር። ይህንን አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሰውየው የሚጸና ነገር መሥራት ያውቅ ነበር።

ከውሃው በታች ያለው ዓለት

ባውች በቴይ ላይ ድልድይ ይሠራ የሚል ሐሳብ ያቀረበው በ1854 ነው። ሐሳቡ የፓርላማ ፈቃድ ያገኘው በ1870 ሲሆን፣ የመሠረት ድንጋዩ በ1871 ተጣለ። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በዘመኑ በዓለም አቻ ያልነበረው ድልድይ ነው።

የመጀመሪያው ንድፍ በጡብ ምሰሶዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። ከወንዙ ግርጌ የተደረገው ቁፋሮ በቅርብ ጥልቀት ዓለት እንዳለ ለባውች ነግሮታል። ሥራው ከደቡብ ዳርቻ ተጀምሮ ወደ መሃል ሲገፋ ግን ዓለቱ ጠፋ። ቆፋሪዎቹ ዓለት ያሉት ቀጭን የጠጠር ቅርፊት ኖሯል፤ ከሥሩ ልል አፈር ነው። በዚህ ጊዜ ባውች ንድፉን ለወጠ። ከባዱን ጡብ በቀላል ብረት ተካው፤ የምሰሶዎቹን ቁጥር ቀንሶ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አሰፋ። በተለይ መርከብ እንዲያልፍበት ከፍ ተደርጎ በተሠራው የመሃል ክፍል 13 ታላላቅ የብረት አካላት ተዘረጉ፤ አብዛኞቹ 75 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። እነሱን የሚሸከመው እያንዳንዱ ምሰሶ ስድስት የብረት ዓምዶች ነበሩት። ዓምዶቹ ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት የተሠሩ ናቸው። ይህ ብረት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይሰበራል። ዓምዶቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ሰያፍ የብረት ማገሮች በብሎን የታሰሩት ከዚሁ ብረት አብረው በወጡ ጆሮዎች ላይ ነበር። የድልድዩ ዕድሜ በእነዚህ ጆሮዎች ላይ ተንጠለጠለ።

ንፋሱስ? ባውች በዚያው ጊዜ በፎርዝ ላይ ለሚያቅደው ሌላ ድልድይ የንግሥቲቱ ሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤይሪ በ1873 ተጠይቀው ነበር። ለድልድዩ ጠቅላላ ርዝመት በአንድ ካሬ ሜትር 49 ኪሎ ግራም ያህል የንፋስ ግፊት ማሰብ በቂ ነው የሚል ምክር ሰጡ። በፈረንሳይና በአሜሪካ የነበሩ መሐንዲሶች የዚህን አምስት እጥፍ ያህል ያስቡ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ደግሞ በጉዳዩ ላይ አንድም ደንብ አልነበረውም። ባውች ለቴይ ድልድይ ለንፋስ ብሎ የተለየ ስሌት አልሠራም። ንፋሱ ራሱ ግን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አልቀረም። በየካቲት 1877 ገና በግንባታ ላይ ሳለ ከታላላቆቹ የብረት አካላት ሁለቱን አንስቶ ወንዙ ውስጥ ጣላቸው። አንደኛው ተቃንቶ እንደገና ቦታው ገባ።

ሰምና ጥላሸት

ዓምዶቹ የተሠሩት በደቡቡ ዳርቻ ዎርሚት በተባለ ቦታ በተቋቋመ የብረት ማቅለጫ ነው። ከአደጋው በኋላ ሠራተኞች ቀርበው የመሰከሩት ነገር ሲነበብ ያሳፍራል። የዓምዶቹ ግድግዳ ውፍረት ከጎን ጎን ይለያያል። ብረቱ ሲፈስ በአየር ምክንያት ቀዳዳ ይፈጠርበታል። ቀዳዳ ያለበት ዓምድ መጣል ሲገባው፣ ሠራተኞቹ ሰም፣ ሙጫ፣ የብረት ብናኝና ጥላሸት አቅልጠው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ሲቀዘቅዝ በድንጋይ ይፈትጉታል፤ ብረት ይመስላል። ይህ ድብልቅ በሠራተኞቹ ዘንድ የቦሞንት እንቁላል ይባል ነበር። የእኛ ቅኔ በሰሙ ሥር ወርቅ ይደብቃል። የዎርሚት ሰም የደበቀው ባዶ ጉድጓድ ነበር።

ባውች ይህንን ያውቅ ነበርን? ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ችግሩም ያ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ የያዘ ሰው በመሆኑ ክትትሉን ለረዳቶቹ ትቶ ነበር። ረዳቶቹ ለተቋራጩ ተዉት። ተቋራጩ ለማቅለጫው ኃላፊ ተወው።

በየካቲት 1878 የመንግሥት የንግድ ቦርድ የባቡር መርማሪ ሜጀር ጄኔራል ሃቺንሰን ድልድዩን ለሦስት ቀናት ፈተሹ። ከባድ ሎኮሞቲቮች እያስነዱ ሲመለከቱ ጸንቶ አገኙት። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ አሳስበው፣ ኃይለኛ ንፋስ በሚነፍስበት ጊዜ ባቡር ሲያልፍ ለማየት እንደሚሹ በሪፖርታቸው አስፍረው ድልድዩን አሳለፉት። ያ የንፋስ ቀን ፍተሻ ሳይደረግ ቀረ።

ድልድዩ ሰኔ 1 ቀን 1878 ተከፈተ። በሰኔ 1879 ንግሥት ቪክቶሪያ በባቡር ተሻገሩበት፤ በዚያው ወር ባውች የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። በፎርዝ ላይ የሚሠራው ታላቅ ድልድይም በእሱ ንድፍ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ነበር። በ57 ዓመቱ በሙያው ጫፍ ላይ ደረሰ።

ከድልድዩ ሥር ግን ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። ለድልድዩ እንክብካቤ የተመደበው ሄንሪ ኖብል የሚባል ሰው ነው። ኖብል ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነበር፤ ሙያው ግን ግንበኛነት ነው። ስለ ብረት ሥራ አያውቅም። በጥቅምት 1878 የምሰሶውን መሠረት ሊያይ በጀልባ ሲሄድ ከላይ የብረት መንቀጫቀጭ ሰማ። ማገሮቹ ላልተዋል። ቁርጥራጭ ብረት ፈልጎ በክፍተቱ ውስጥ እየሸጎጠ ድምፁን አስቆመው። በብዙ ቦታ እንዲህ አደረገ፤ ለባውች ግን አልነገረውም። ዓምዶች ቁልቁል ተሰንጥቀው ሲያይ ነገረው፤ ባውችም በብረት ቀለበት እንዲታሰሩ አዘዘ። ኖብል ያጠበቀው መስሎት የሸጎጠው ቁርጥራጭ ማገሮቹን በላሉበትና በተጣመሙበት ሁኔታ ያጸና እንደነበር ኋላ ላይ ምርመራው ገለጸ።

በድልድዩ ላይ ቀለም የሚቀቡ ሠራተኞች ባቡር ሲያልፍ ድልድዩ ወደ ጎን እንደሚወዛወዝ ያውቁ ነበር። የደንዲ የቀድሞ ከንቲባ ባቡሩ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ይበራል ብለው ለጣቢያው ኃላፊ አቤት ቢሉ ሰሚ በማጣታቸው ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር መሳፈር ተዉ። እንግዲህ ቀለም ቀቢው ያውቃል፣ ተሳፋሪው ያውቃል፣ ግንበኛው ያውቃል። የማያውቀው ስሙ በድልድዩ ላይ የተጻፈው ሰው ብቻ ነው።

እሑድ ምሽት

ታኅሣሥ 28 ቀን 1879 እሑድ ነበር። ምሽት ላይ ኃይለኛ ማዕበል ከምዕራብ ተነስቶ ድልድዩን በጎኑ ይመታው ጀመር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከኤድንብራ አቅጣጫ የመጣው ባቡር በደቡብ በኩል ወደ ድልድዩ ገባ። የምልክት ጠባቂው ቶማስ ባርክሌይ የማለፊያ ዱላውን ለባቡሩ ሰዎች ሰጥቶ ወደ ጎጆው ተመለሰ። አብሮት የነበረው ጓደኛው የባቡሩን የኋላ መብራት በዓይኑ ይከተል ነበር። ከመንኮራኩሮቹ የእሳት ብልጭታ ታየ። ኃይለኛ የንፋስ ሽውታ መጣ፣ ብርሃን ቦግ አለ፣ ከዚያ ጨለማ ሆነ።

በሰሜኑ በኩል የጣቢያው ኃላፊና አንድ የሎኮሞቲቭ ክፍል አለቃ ንፋሱ እንዳይወስዳቸው በሐዲዱ ላይ እየዳሁ ወደ መሃል ሄዱ። ጥቂት እንደተጓዙ በድልድዩ ላይ ከተዘረጋው ቧንቧ ውሃ ወደ ባዶ ሲፈስ አዩ። ከዚያ ወዲያ ድልድይ አልነበረም። 13ቱም ታላላቅ የብረት አካላት ከነምሰሶዎቻቸው ወድቀዋል። ባቡሩ ከነተሳፋሪዎቹ ወንዙ ውስጥ ነው። የተረፈ ሰው የለም። በጊዜው የሟቾቹ ቁጥር 75 ይሆናል ተብሎ ተገመተ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በስም የተረጋገጡት 59 ናቸው። የተገኘው አስከሬን 46 ብቻ ነው። ሎኮሞቲቩ ግን ከወንዙ ወጥቶ፣ ተጠግኖ፣ እስከ 1919 ሠርቷል። ሠራተኞች ጠላቂው የሚል ስም አወጡለት።

ሦስት ዳኞች፣ ሁለት ሪፖርት

ሳምንት ሳይሞላ የምርመራ ጉባኤ ተሰየመ። ሦስት ሰዎች ተመደቡ። ሄንሪ ሮዘሪ የመርከብ አደጋዎች መርማሪ ኮሚሽነር፣ የሕግ ሰው ናቸው። ኮሎኔል ዮላንድ የመንግሥት የባቡር መርማሪዎች አለቃ ናቸው። ዊሊያም ባርሎ ደግሞ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ባውች የተከራከረው በአንድ ነጥብ ነው። ከባቡሩ ኋላ የነበረ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ድልድዩን በመምታቱ ነው የወደቀው አለ። ጉባኤው አልተቀበለውም። ከፍርስራሹ የተለቀሙት ጆሮዎች ለንደን ተወስደው በዴቪድ ኪርካልዲ የሙከራ ማሽን ሲጎተቱ ይሸከማሉ ከተባለው በሲሶው ገደማ ተሰበሩ። ባውች በምስክር ወንበር ተቀምጦ ለንፋስ የተለየ ስሌት እንዳልሠራ አመነ።

ሦስቱም ዳኞች በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተስማሙ። ድልድዩ በንድፉ፣ በግንባታውና በእንክብካቤው ደካማ ነበር፤ ያንን ንፋስ ሊችል አልቻለም። የተለያዩት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ሁለቱ መሐንዲሶች ጥፋተኛን በስም መጥራት ሥራችን አይደለም አሉ። ሮዘሪ ግን የተላክነው ምክንያቱን ብቻ ሳይሆን ኃላፊውንም እንድናሳውቅ ነው ብለው ለብቻቸው ሪፖርት ጻፉ። በዚያ ሪፖርት የባቡር ኩባንያው ፍጥነቱን ባለመቆጣጠሩ፣ ተቋራጩም በማቅለጫው ግድፈት ከነቀፋ አላመለጡም። ዋናው ተጠያቂ ግን ባውች ሆነ፤ ለንድፉ ሙሉ በሙሉ፣ ለግንባታውና ለእንክብካቤው ደግሞ በአብዛኛው። የሚያስደንቀው ግንበኛው ኖብል አለመወቀሱ ነው። ሮዘሪ ኖብል የቻለውን ያህል እንደጣረ መስክረው፣ ጥፋቱ የማያውቀውን ሥራ በሰጠው ሰው ላይ ነው አሉ።

ማን ይጠየቅ?

ይህንን ስደርስ ከሥራ ዘመኔ መጀመሪያ የማልረሳው አንድ መዝገብ ትዝ አለኝ። በግንባታ ላይ ያለ ግድግዳ ተደርምሶ ሁለት የቀን ሠራተኞች ሞቱ። ተከሶ የቀረበው ፎርማኑ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ንድፉን ያጸደቀ፣ ሥራውን የተረከበ፣ ክፍያውን የፈቀደ ሰው ሁሉ ፊርማ አለ። ከፈራሚዎቹ አንዳቸውም በችሎት አልቆሙም። ፎርማኑ ተፈረደበት። ሲሚንቶው እንዲቀነስ ታዝዤ ነው ያለውን እኔ ራሴ በወረቀት ላይ አስፍሬያለሁ፤ ማን አዘዘህ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ተረት ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ስለ እኔም ነበር።

ስለዚህ ሮዘሪን ሳነብ መጀመሪያ ልቤ ደስ አለው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥያቄውን ከግንበኛው ወደ ላይ ይዘውት ወጡ። ማዕረጉን የወሰደ ሰው ጥፋቱንም ይውሰድ የሚለው መርህ ትክክል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ፣ ተቋራጭም ለሠራው ሕንፃ ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ባውች ለቤላህ ያሰበውን ያህል ለቴይ ቢያስብ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። አላየሁም ማለት መከላከያ ሊሆነው አይችልም፤ ማየት ሥራው ነበርና።

መልሼ ሳነበው ግን አንድ ጥያቄ እየከበደኝ መጣ። ወደ ላይ የተጀመረው ጉዞ ለምን ባውች ላይ ቆመ? ድልድዩን ፈትሾ ያሳለፈው መንግሥት ነው። በሌላ አገር ያለው የንፋስ ደንብ በብሪታንያ ያልነበረው መንግሥት ባለማውጣቱ ነው። ኮሎኔል ዮላንድ ድልድዩን ያሳለፉት መርማሪ አለቃ ናቸው። ባርሎም በ1873 የፎርዝን ንድፍ ከመረመሩት መሐንዲሶች አንዱ ነበሩ፤ የኤይሪ አነስተኛ የንፋስ ቁጥር የመጣውም ከዚያው ምርመራ ጋር ነው። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለው የሕግ መርህ በዚያ ጉባኤ አልተከበረም። ባውች ጥፋተኛ መሆኑ ዳኞቹን ከጥፋቱ ነጻ አያወጣቸውም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በመልካም ሥራ ጊዜ የመተባበር ምክር ነው። በጥፋት ጊዜ ግን ሁለት አደጋ አለው። ጥፋቱን ለሃምሳ ሰው ብናከፋፍለው ለእያንዳንዱ ጌጥ ይሆንና ማንም ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ሁለቱ መሐንዲሶች የመረጡት መንገድ ወደዚያ ያደርሳል። በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብንጭነው ደግሞ ሰውየው ሲቀበር ጥያቄውም አብሮ ይቀበራል። ፍትሕ ሎሚውን እየቆጠረ ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ነበረበት። ለማቅለጫው የሰሙን፣ ለኩባንያው የፍጥነቱን፣ ለመንግሥት የደንቡን፣ ለባውች ደግሞ የንድፉንና ያለማየቱን። በወንጀል የተከሰሰ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻዎቹ ወራት

ሪፖርቱ የወጣው በ1880 ክረምት ነው። ባውች ለቴይ አዲስ ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ ፓርላማው አልተቀበለውም። ሌሎች ሥራዎቹም ተመረመሩ፤ ሞንትሮዝ አጠገብ ያሠራው ድልድይ ጉድለት ተገኝቶበት እንደገና ተሠራ። ጤናው ተቃወሰ፤ ሞፋት ወደተባለች ትንሽ ከተማ ሄደ። ጥቅምት 30 ቀን 1880፣ ከሪፖርቱ አራት ወር ገደማ በኋላ፣ በ58 ዓመቱ ሞተ። ኤድንብራ ውስጥ ተቀበረ።

እሱ ከሞተ በኋላ የሆነውን ማወቅ ግን ከፍርዱ ይልቅ ያስተምራል። በ1881 የመንግሥት ኮሚቴ ስለ ንፋስ ግፊት አጥንቶ ድልድይ በካሬ ሜትር 273 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችል ሐሳብ አቀረበ። የባውች የፎርዝ ንድፍ ተጣለ። በምትኩ ጆን ፋውለርና ቤንጃሚን ቤከር በ1890 የተከፈተውን፣ ዛሬም ባቡር የሚያመላልሰውን ታላቅ የብረት ድልድይ ሠሩ። የቴይን አዲስ ድልድይ የነደፉት ደግሞ ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ባርሎ ናቸው፤ በ1887 ተከፈተ። ያን ቀን ተሳፍሬ የተሻገርኩት በዚያ ድልድይ ነው። ከቀድሞው ድልድይ የተረፉ አንዳንድ የብረት አካላትም አዲሱ ውስጥ ገብተው እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ከእኔ በፊትና በኋላ የተሻገረውን ሕዝብ ሁሉ ያተረፈው በ1880 የአንድ ሰው ስም መጥፋቱ ሳይሆን በ1881 የንፋስ ቁጥር መውጣቱ ነው።

ይህንን ስል ስም መጥራት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሮዘሪ ባይኖሩ ኖሮ ጉዳዩ አየር ጠባይ ላይ ተላክኮ ይቀር ነበር። በ2013 በወንዙ ግራና ቀኝ የቆሙት የመታሰቢያ ድንጋዮች የ59 ሟቾችን ስም ይዘዋል። ስም የተጻፈላቸው ሟቾች ስም ያለው ተጠያቂ ይገባቸዋል። የኔ ጸጸት የምንጠራው ስም አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያውም የሚቀርበንና የማያስፈራን ሲሆን ነው።

ያ ፎርማን ቅጣቱን ጨርሶ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆነው። የት እንዳለ አላውቅም። ባቡሩ ደንዲ ጣቢያ ሲገባ አዛውንቱ ጋዜጣቸውን አጥፈው ተነሱ። እኔ ጉቶዎቹ ከዓይኔ እስኪሰወሩ ወደ ኋላ እያየሁ፣ ያንን መዝገብ እንደገና ማን ሊከፍተው እንደሚችል አስብ ነበር።